የሻሸመኔ ዝናብና የደምሴ ጉልበት

ሐሙስ ንጋት፣ ናዝሬት

ሳይነጋ ነው ከቤት የወጣሁት። አውቶቡስ ተራ ስደርስ ካፊያው አላባራም። ኅዳር ላይ ናዝሬት የምታውቀው ነፋስና አቧራ ነው፤ የሰሞኑ ሰማይ ግን ወሩን የረሳ ይመስላል። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ከላዩ ላስቲክ ደርቤ ተሰለፍኩ። ዘንቢሌ ውስጥ በሶ፣ በጣሳ የተደረገ ቅቤ፣ የልጄ ሹራብና ከቀበሌ የተጻፈልኝ የይለፍ ወረቀት አለ። ወረቀቱ «የታመመ ለመጠየቅ» ይላል። ውሸት የለበትም። ታማሚው ግን መታመሙን ደብቋል።

ይህን የፋብሪካችንን ጋዜጣ የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ኑግ ማበጠሪያው ክፍል ነኝ፣ አስካለ፣ የደምሴ እናት። ቡድናችን ምን ሆኖ እንዲህ እንደሆነ ሰው በየደረስኩበት ስለሚጠይቀኝ፣ ሄጄ ያየሁትን ልጽፍ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና የተሳሳትኩትን እያቃናችሁ አንብቡልኝ።

የዘንድሮው ነገር ከመጀመሪያው አላማረም። መተሐራ ላይ በሙቀቱ ሁለት ልጆች ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ከዚያ አሰላ ሄዱ፤ እዚያ ደግሞ ብርድና ጭቃ ነበር። የግራ ተከላካዩ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፣ በረኛው ሁለት ጣቶቹን ተሰበረ። ልጆቹ እንደምታውቁት ግማሽ ቀን ሥራ፣ ግማሽ ቀን ልምምድ ናቸው፤ ደሞዛቸው ከኛው ጋር ነው የሚወጣው፤ የሚተካቸው ሰው ከየትም አይመጣም። አንዱ ሲወድቅ ሌላው በሁለት ሰው ቦታ ይሮጣል፤ እሱም በተራው ይወድቃል። በመጨረሻ ሻሸመኔ ላይ የምትቀር አንዲት ጨዋታ ነበረች። ካሸነፉ ይተርፋሉ፤ ካላሸነፉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ጨዋታው ረቡዕ ነበር፤ ዝናቡ ወደ ዓርብ አሸጋገረው።

አጥቂው ጌቱ ሻሸመኔ ልምምድ ላይ ተንሸራቶ የትከሻው አጥንት ተሰብሮ፣ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቤቴ መጣ። ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ሳስገባው በሩን ዘግቶ ሌላ ነገር ነገረኝ። የደምሴ ቀኝ ጉልበት ከአሰላ ጀምሮ ያብጣል። ጠዋት ጠዋት ሌሎቹ ሳይነሱ በአሮጌ አንሶላ ቅዳጅ ጠምጥሞ፣ ከላይ ረጅም ሱሪ ለብሶ ይወጣል። አሰልጣኙ አያውቁም። ጌቱን አስምሎታል።

«ምለህ አልነበር?» አልኩት።

«ለአሰልጣኙ እንዳልናገር ነው የማልኩት። ስለ እርስዎ አላነሳም።»

የሰፈራችንን ጥላሁንን የምታውቁ፣ የፈራሁትን ታውቃላችሁ። እሱም ተከላካይ ነበር። ጉልበቱን በጨርቅ አስረው «የዛሬን ብቻ» ብለው አስገቡት። ዛሬ የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ እግሩን ዘርግቶ እንጂ አጥፎ አይቀመጥም፤ ሰው ሲሰግድ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ወጌሻው አባ መርጊያ ዘንድ ሄጄ ብነግራቸው፣ ሳልዳስስ የምልሽ የለኝም፣ ግን እንደዚያ ያበጠ ጉልበት ላይ ዘጠና ደቂቃ እንዳይሮጥበት፣ አምጪልኝ አሉኝ። ጨዋታው ሳይደርስ ላመጣው ነው የሄድኩት።

ከሞጆ እስከ መቂ

በሹፌሩ በኩል ያለው መስኮት አልዘጋ ብሎ ጆንያ ተወትፎበታል። ሞጆ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ጠባቂው ጣሳዬን ከፍቶ አሸተተና ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለጉልበት ነው ስለው፣ የሱንም ጉልበት ሌሊት ቆሞ ማደር ጨርሶታል ብሎ ስቆ አሳለፈኝ።

ዓለም ጤና ላይ ሽንኩርቱ ከመንገድ ዳር በጆንያ ተደርድሯል፤ ከየጆንያው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ሴቶቹ ላስቲክ ተከናንበው የበሰበሰውን ይለቅማሉ። በመስኮት እየዘረጉ በማይታመን ዋጋ ይሰጣሉ፤ ዝናብ የነካው ሽንኩርት ሳምንት አይቆይምና። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ አንድ ዘንቢል ገዛች፤ አውቶቡሱ እስከ ዝዋይ ሸተተ።

መቂ ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ትልቅ የታጠፈ ሸራ ተሸክመው ወጡ። ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው አላቸው። አይሆንም፣ ይርስብኛል አሉ።

«ሸራ ከመቼ ወዲህ ነው ዝናብ የሚፈራው?» አለ ረዳቱ።

«የተውሶ ሸራ ይፈራል» አሉት።

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እሳቸውም እየሳቁ መጥተው እኔ አጠገብ ተቀመጡ፤ የሸራው እኩሌታ የኔ ጭን ላይ አረፈ። በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ልል አካም ቡልተኒ አልኳቸው፤ ነጋ፣ ሰላም ብለው መለሱ፤ ከዚያ በኋላ በአማርኛ ነው ያወራነው። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ አገራቸው ኩየራ አጠገብ ነው፣ ከሻሸመኔ ወዲህ። ጤፋቸው ታጭዶ ማሳ ላይ እንደተዘረጋ ዝናቡ ያዘው። ሸራውን የተዋሱት መቂ ካለው አማቻቸው ነው፤ ሽንኩርት የሚሸፍንበት ነበር። ሁለት ቀን ፀሐይ ቢወጣልኝ ሰብስቤ እከምረዋለሁ፣ ካልሆነ መሬቱ ላይ ይበቅላል አሉ። ከዚያም ሰው እንደሌላቸው ነገሩኝ። አንዱ ልጃቸው ብሔራዊ ውትድርና ነው፣ ሌላው ርቆ ይማራል፤ ጎረቤቱም ሁሉ ያው በገዛ ጤፉ ተይዟል።

እኔ ከናዝሬት ጀምሮ በልቤ የምለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ዝናብ እንዳይቆም። ሜዳው ጭቃ እንደሆነ ከቆየ ጨዋታ የለም፤ ጨዋታ ከሌለ ጉልበቱ ያርፋል። እሳቸው ደግሞ አጠገቤ ተቀምጠው በመስኮት ሰማዩን እያዩ ዝናቡ እንዲቆም ይለምናሉ። አንድ ሸራ ለሁለት ታቅፈን ማለት ነው። አልነገርኳቸውም።

ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ ግን ነገርኳቸው። ልጄ ኳስ ተጫዋች ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር ሻሸመኔ ዝናብ ይዞአቸው ተቀምጠዋል አልኩ። ስንት ናቸው አሉኝ፤ የተጎዱት ከነአሰልጣኛቸው ሲቆጠሩ ሃያ ይሆናሉ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ አሉኝ።

«ምን ይሠራሉ፣ ተኝተው ዝናብ ያዳምጣሉ።»

ኦቦ ገመቹ፣ «ሃያ ጎረምሳ» አሉ ለራሳቸው። «የኔ ጤፍም ተኝቶ ዝናብ ያዳምጣል።»

ተሳሳቅን። እዚያው ያለቀ ጨዋታ መሰለኝ።

ዝዋይና ቡልቡላ

ዝዋይ ላይ ምሳ ወረድን። ዓሣው በቆርቆሮ ዳስ ሥር ይጠበሳል፤ ከነጭንቅላቱ ከዳጣ ጋር ያቀርቡታል። ኦቦ ገመቹ ለሁለታችን አዘዙ፤ የነቢያት ጾም መሆኑን ስነግራቸው፣ ዓሣ ውሃ ውስጥ ስለሆነ አይቆጠርም አሉኝ። ቂጣ በቃሪያ በላሁ። ሹፌሩ ከኛ ጠረጴዛ ነበርና ወሬዬን ሰምቶ የየትኛው ቡድን ተጫዋች እናት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«የናዝሬቱ የዘይት ፋብሪካ? እናቴ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሱ ቡድን ነው ወይስ ክሊኒክ?»

ሳቅኩ እንጂ አልከፋኝም፤ እውነቱን ነው።

ከቡልቡላ ወዲያ ሌላ ጊዜ ደረቅ የሆነ ቦይ ሞልቶ መንገዱን አቋርጦታል። ውሃው የወተት ሻይ መስሎ፣ ግንድና ቁልቋል ይዞ ይወርዳል። መኪናው ሁሉ በወዲህና በወዲያ ቆመ። የአንድ አይሱዙ ሹፌር ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ ጥልቀቱን በዱላ ለካና ተመለሰ። ወርደን ጠበቅን። ከወዲያ ማዶ የቆመ ከሻሸመኔ የሚመጣ ሹፌር ወደኛ ጮሆ፣ እዚያ ዝናቡ ቆሟል አለ። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ። ሜዳው ከደረቀ ነገ ይጫወታሉ፤ እኔ ደግሞ ከቦዩ ወዲህ ነኝ።

ውሃው ሲጎድል፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ተሻገርን። ኩየራ ላይ ኦቦ ገመቹ ሸራቸውን ተሸክመው ወረዱ። ልጅሽን እግዜር ይማርልሽ አሉኝ። መታመሙን አልነገርኳቸውም ነበር፤ ጣሳዋን አይተው ነው መሰለኝ።

ሐሙስ አመሻሽ፣ ሻሸመኔ

ቡድኑ ያረፈበት ሆቴል ኮሪደር ላይ ገመድ ተወጥሮ ማሊያና ካልሲ ተሰጥቶበታል፤ አንዱም አልደረቀም። ታኬታዎቹ በየበሩ ጋዜጣ ተጎስሮባቸው ተደርድረዋል። ጭቃና የመታሻ ቅባት አንድ ላይ ይሸታል። ደምሴ ሲያየኝ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ወዲያው ፊቱ ተለወጠ።

«ጌቱ ነው አይደል?»

«ሹራብ ነው ያመጣሁልህ» አልኩት።

አሰልጣኝ ታደሰ ከክፍላቸው ወጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ጨዋ ሰው ናቸው። ወንበር አስመጥተው፣ ሻይ አዘውልኝ ችግራቸውን እንደ ቤተሰብ ዘረዘሩልኝ። ሜዳ ላይ መቆም የሚችል አሥራ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷቸዋል፤ ከዚያ ውጪ ጣቱ የታሰረ በረኛ አለ።

«እትዬ አስካለ፣ አሥራ ሁለተኛዬ እርስዎ ነዎት» አሉኝ። «የኋላውን ደግሞ የያዘልኝ የእርስዎ ልጅ ነው። እሱ ባይኖር እስከዚህም አንደርስም ነበር።»

አፌ ላይ የመጣውን ቃል ከሻዩ ጋር ዋጥኩት። ደምሴ በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

ኋላ ኮሪደሩ ላይ ብቻችንን ስንሆን ጉልበትህን አሳየኝ አልኩት። አላሳይም አለ። አባ መርጊያ ያሉትን ነገርኩት፣ ጥላሁንን አነሳሁበት። ጥላሁን በሽተኛ ስለነበረ ነው አለኝ፤ የኔ እብጠት ብቻ ነው፣ ከአንድ ጨዋታ በኋላ በጋውን ሙሉ ይረፍ። እንዲህ እያለ ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ ጥሎ ነው የቆመው። አላወቀውም።

«እማዬ፣ እነሱ ሁሉ ተጎድተው ወጥተዋል። እኔም በእናቴ ተጠርቼ ልወጣ?» አለኝ። «ለአሰልጣኙ አንዲት ቃል ብትናገሪ፣ ከዚህ በኋላ ዓይንሽን አላይም።»

ከሆቴሉ እንጀራ ጋጋሪ ጎን መደብ ላይ ተኛሁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እንዲመለስ ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዓርብ፣ ሜዳው

ተመልሶ ዘንቦ አደረ። ጠዋት ሁላችንም ሜዳ ሄድን። ሣሩ በየቦታው ውሃ አቁሯል፤ አንዱ ጎል ሥር ዳክዬ ቢዋኝበት አይገርምም። የመሐል ዳኛው ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ገቡ። ኳሷን በደረታቸው ቁመት ይዘው ለቀቋት። ደንቡ ይህ ነው አሉኝ፤ ኳስ ከነጠረች ይጫወታሉ፣ ካልነጠረች አይጫወቱም። መሐል ሜዳ ላይ ትንሽ ነጠረች። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ወደ ማዕዘኑ ሄደው ለቀቋት፤ ጭቃው ላይ እንደ ሊጥ ተለጥፋ ቀረች። ጎሉ ሥር ለቀቋት፤ ተንሳፈፈች።

ጨዋታው ወደ እሑድ ተላለፈ። ልጆቹ አጉረመረሙ፤ አሰልጣኙ ግን ከኔ ባልተናነሰ እፎይ ብለዋል፤ ለሳቸውም ሁለት ቀን ዕረፍት ነው። ደምሴ ወደኔ አላየም።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ተገለጠ። ሆቴሉ በረንዳ ላይ ካልሲ እያሰጣን ሳለ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፣ ኮት ለብሰው፣ ቦቲ ጫማ አድርገው። ሁለተኛውን ሳይ ደነገጥኩ፤ ኦቦ ገመቹ ናቸው።

ሊቀ መንበሩ ለአሰልጣኙ በትሕትና አስረዱ። የአካባቢው ሰብል በዝናብ ተይዟል፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ለአዝመራ ዘመቻ እየወጣ ነው፤ ከወዛደር ወገን የመጡ ስፖርተኞች ነገ አንድ ግማሽ ቀን ቢያግዙ አስተዳደሩም ደስ ይለዋል። አሰልጣኙ ልጆቹ ለእሑድ ማረፍ አለባቸው ሊሉ ጀምረው «አስተዳደሩ» የምትለዋን ሲሰሙ ተዉት። እንደ ቀላል ልምምድ እንቆጥረዋለን አሉ።

«ግን ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኛ እዚህ መኖራችንን ማን ነገራችሁ?»

ኦቦ ገመቹ ፊታቸው በርቶ በእጃቸው አመለከቱኝ። «ይቺ እህቴ ናት። ተኝተው ዝናብ ያዳምጣሉ አለችኝ።»

ቡድኑ በሙሉ ዞሮ አየኝ። የልጄን ዓይን ያህል ግን የከበደኝ የለም። ጉልበቱን አሳርፋለሁ ብዬ መጥቼ ማሳ ላስወርደው ነው።

ቅዳሜ፣ ኩየራ

በፋብሪካው መኪና ሄድን። ጠዋት ደምሴን ለብቻው ይዤ ሆቴል ቅር፣ ሆዴን ቆረጠኝ በል አልኩት። ከዚህ ከቀረሁ ነገ ለምን ይገባል ይሉኛል አለኝ። እሱም እውነቱን ነው።

ጤፉ ማሳው ላይ ተኝቷል፤ ላዩ ደርቋል፣ ሲገለብጡት ሥሩ እርጥብ ነው፤ አንዳንዱ ጋ አረንጓዴ ነገር ጀምሯል። ሥራው ይህ ነው። ሴቶች እየገለበጥን ወደ ነዶ እንሰበስባለን፤ ወንዶች ተሸክመው ከቁልቁለቱ ወደ ላይ፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ ወደተነጠፈበት ይወስዳሉ፤ እዚያ ይከመራል፤ ሸራው ይለብሳል። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከምንጃር ከወጣሁ ወዲህ ጤፍ ባላጭድም እጄ አልረሳውም። የኛ ልጆች ግን የሚያስቁ ነበሩ። አንዱ ነዶውን እንደ ሕፃን አቅፎ ግማሹን መንገድ ላይ በተነው። በረኛው በታሰረ ጣቱ ሲታገል የአገሬው ሴቶች በኦሮምኛ አንድ ነገር ተባብለው በሳቅ ወደቁ፤ ኦቦ ገመቹ ተረጎሙልን፤ ኳስ የሚይዘው እንዲህ ከሆነ፣ መውረዳችሁ አይቀርም ብለውታል።

ደምሴ ከተሸካሚዎቹ ጋር ተሰለፈ። ከሁሉም የበለጠ ይሸከማል። የሚያየው ሰው እንዲኖር እንደሆነ ገባኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ እየሰበሰብኩ የማየው እግሩን ነው። ሸክም የለመደ ሰው ዳገት ሲወጣ ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚገፋው። እሱ ቀኙን አያጥፍም፤ እንደ ዱላ ይተክለውና ግራውን ያስከትላል። አንዴ፣ ሁለቴ ወጣ። ልጠራው እፈራለሁ፣ ልተወውም እፈራለሁ። አፌን ከፍቼ ስሙን ልጠራ ስል ኦቦ ገመቹ ቀድመው፣ ልጄ ቀስ በል፣ መሬቱ ያዳልጣል አሉት። እሺ አባባ አለና ፈጠነ።

ዳገቱ ላይ እግሩ ተንሸራተተ። ሌላ ሰው ቢሆን ጉልበቱን አጥፎ ይቆም ነበር። እሱን ያ እግሩ ከዳው፤ ከነነዶው ወደ ጎን ወደቀ።

ተነስቶ፣ አዳለጠኝ ብሎ ሊስቅ ሞከረ። መነሳቱ እሺ አላለውም። አሰልጣኝ ታደሰ የተሸከሙትን ጥለው መጡና አጠገቡ ተንበረከኩ። ሱሪውን ከፍ ሲያደርጉ የአንሶላው ቅዳጅ ታየ። ፈቱት። ጉልበቱ ጉልበት አይመስልም፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ልጆቹ ሸክማቸውን እንደያዙ ዙሪያውን ቆሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአሰላ» አለ ደምሴ መሬት መሬት እያየ።

አሰልጣኙ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «እትዬ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ልወስደው ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«በጓደኞቹ ፊት እንዳላዋርደው። እርስዎም አሥራ አንድ ብቻ ነው ያለኝ አሉኝ።»

አሰልጣኙ ጨርቁን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። «አሥር ነው ያለኝ» አሉ።

ደምሴን ሁለት ልጆች ደግፈው ዛፍ ሥር አስቀመጡት። ቅቤዬን አውጥቼ በእጄ አሞቅኩና ጉልበቱን አሸሁለት። አልከለከለኝም። ከኋላዬ ሽቦ የሚሉት የመስመር አጥቂ፣ እናቱ ባትመጣ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር ሲል ሰማሁ። ያለው ሐሰት አይደለም።

ክምሩ ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ ሸራው ለበሰ፤ ጫፎቹ ላይ ድንጋይ ተጫነ። የኦቦ ገመቹ ባለቤት ወተትና ቂንጬ አቀረቡ፤ ልጆቹ ሲጨርሱ እቃው መታጠብ የሚያስፈልገው አይመስልም ነበር። ከዚያ ኦቦ ገመቹ እርጥብ ሣር ነቅለው በመዳፋቸው ይዘው ቆሙና መረቁ። ልጆቹን መረቁ፣ የተጎዳውን ይዳን አሉ፣ በመጨረሻ ሰማዩን አይተው ዝናቡ ይቁም አሉ። የአገሬው ሰው አሚን አለ። ከናዝሬት ጀምሮ ይህን ቃል ሸሽቼው ነበር። አሁን የሚሸሽ ነገር አልነበረኝም። አሜን አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።

እሑድ፣ ሻሸመኔ

ፀሐይ ወጣ። ኳሷ በሦስቱም ቦታ ነጠረች።

እንዴት እንደተጫወቱ የምትጠይቁኝ፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ጣቱ የታሰረው በረኛ የደምሴን ማሊያ ለብሶ ተከላካይ ሆነ። በእጁ እንዳይነካ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ይሮጥ ነበር። ጭቃው አልደረቀም፤ ከዕረፍት በፊት ሁሉም አንድ ቀለም ሆኑ። ሽቦ አንዴ ቋሚውን መታ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከማዕዘን የተሻማ ኳስ የኛ ሰዎች መሐል ወደቀ፤ ደምሴ የሚቆምበት ቦታ ላይ ማንም አልነበረም። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ወረድን።

ደምሴ ተጠባባቂዎቹ አግዳሚ ላይ እግሩን ዘርግቶ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ያ ጎል ሲገባ ሊነሳ ሞከረና ትከሻዬን ጨበጠ። ሲያልቅ ልጆቹ መጥተው አንድ በአንድ እጁን ጨበጡት። ሽቦም መጣ። ከኔ ጋር ሰላምታ አልተለዋወጠም።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

የተመለስነው በፋብሪካው አውቶቡስ ነው። አሰልጣኙ ከፊት ተቀምጠው ያንን የአንሶላ ቅዳጅ ጣታቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። ኩየራ ላይ ሹፌሩ ሳይነግሩት አቀዘቀዘ። ክምሩ ከመንገዱ ይታያል፤ ሸራው በፀሐይ ይተናል። አንድ ልጅ አጨበጨበ፤ ሌሎቹ ተከተሉት።

ደምሴ በመስኮቱ በኩል ነበር የተቀመጠው፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ከአዎና ከአይ በስተቀር አላናገረኝም። ዓይንሽን አላይም ብሎ ነበርና ቃሉን እየጠበቀ ነው ብዬ ተውኩት። ወንበሩ ጠባብ ነው፤ እግሩን ማጠፍ አይችል፤ ከነገሌ ጀምሮ ሲገላበጥ አያለሁ። ያ ቦይ ደርቋል፤ ግንዱ መንገድ ዳር ቀርቷል። ቡልቡላን ስናልፍ ዞረ። አሁንም ፊቴን ሳያይ እግሩን አነሳና ጭኔ ላይ ዘረጋው።

ዝዋይ ላይ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወርድ እኔ አልወረድኩም። መቂ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ዓለም ጤና ላይ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ፤ ሞጆ ኬላ ላይ ጠባቂው ውረዱ ሲል አሰልጣኙ ተነስተው፣ እሷን ተዋት አሉት። ናዝሬት ስንገባ ነፋሱ ተነስቶ አቧራው እንደ ልማዱ ሆኗል፤ አውቶቡስ ተራ ላይ መመለሳችንን የሰሙት አባ መርጊያ እጃቸውን ታጥበው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመዋል። እስከዚያ ድረስ ጉልበቱ ጭኔ ላይ ነበር። አላንቀሳቀስኩትም።